የሰባተኛው ዙር ይሉኝታ

አየለ ሲናደድ ዝም የሚል ሰው ነው። ያን ቅዳሜ ግን ጮኸ፤ ያውም ከሄግ ጨዋታ ወደ ሮተርዳም በሚመለስ ሜትሮ ውስጥ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ።

ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሳምንቱን ዴልፍስሃቨን ሠፈር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችን ሲያነሳና ሲያጥብ ይሰነብታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዝቦል ይጫወታል። ሐበሻው ይስቅበታል፦ "ያ በዱላ መትታችሁ የምትሯሯጡት ነገር?" ጨዋታውን ያስተማረው፣ ስደተኞች ካምፕ ሳለ፣ አንድ የኩራሳዎ ደሴት ተወላጅ ዘበኛ ነበር። ይኸው ሃያ አራት ዓመት ወረወረ። ኳሱ ፈጣን ሆኖ አያውቅም፤ ተንኮለኛ ነው እንጂ። መቺው ፊት ሲደርስ ቁልቁል ይከዳል።

የደቡብ ሮተርዳሙን ቡድን ግማሹን ሰው የሰበሰበው እሱ ነው። ዛሬ አሰልጣኝ የሆነውን ኢዮኤልን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አግኝቶት ክፍል ፈልጎለታል፣ የመጀመሪያውን ጓንት አጥልቆለታል። የወሎውን ሐሰንን ከመጋዘን ሥራው ጎትቶ ያመጣውም እሱ ነው። የሐሰን ክንድ ጥይት ነው። ሥራውም አንድ ብቻ፦ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ዋናው ወርዋሪ አየለ ሲደክም፣ ተተክቶ መጨረስ።

ክለቡ ቀደም ብሎ አስታውቋል። ተጫዋች ስላነሰ፣ ቡድኑ ከምድቡ መጨረሻ ከወጣ ይፈርሳል። ያን ቀን ከረቱ ይተርፋሉ፤ ከተረቱ አለቀ።

እስከ ሰባተኛው፣ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ አራት ለሦስት መሩ። የአየለ ጣቶች ግን ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ ኳሷን መቆንጠጥ አቅቷቸዋል። አንዱ መቺ በዳር በኩል መትቶበት፣ ሮጦ የመጀመሪያውን ማረፊያ ያዘ። ለሁለተኛው አራት የተበላሹ ኳሶች ወርውሮ በነፃ ወደ ማረፊያው አሳለፈው። ሐሰን ከሜዳው ዳር፣ ለሁለተኛ ጊዜ አሟሙቆ፣ ቆሞ ይጠብቃል።

ኢዮኤል ወጥቶ መጣ። በዚህ ጨዋታ አሰልጣኝ በዚያ ሰዓት ወደ ወርዋሪው ሲሄድ እጁን ይዘረጋል፤ ወርዋሪው ኳሷን አስረክቦ ይወጣል፤ ክርክር የለም። አሰልጣኙ ሲመጣ ሲያይ የአየለ ልብ እፎይ አለ። ኳሷን ከጓንቱ አወጣት።

ኢዮኤል ኮፍያውን አነሳና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ይችላሉ?"

አይ ጥያቄ! ጋሼ የተባለ ሰው፣ በቡድኑ ልጆች ተከብቦ፣ "ይችላሉ ወይ?" ተብሎ ተጠይቆ፣ "አልችልም" ያለው በየት አገር ነው?

"እችላለሁ" አለ አየለ፤ ኳሷንም መልሶ ጨበጣት።

"እሺ ጋሼ።" ኢዮኤል ተመለሰ። ቀጣዩ መቺ የመጀመሪያዋን ኳስ ከሁሉም ራስ በላይ ሰደዳት። ማረፊያ ይዘው የነበሩት ሁለቱ ሮጠው ገቡ፤ ሁለት ነጥብ። አምስት ለአራት። ቡድኑ ፈረሰ።

ሜትሮው ውስጥ ቀድሞ የተናገረው ሐሰን ነው። "ሁለቴ ሞቅኩ፣ ሁለቴ በረድኩ፤ እንደ ከረመ ወጥ" አለ። የሳቀለት የለም።

"ይሄን ጠይቀው!" አለ አየለ፣ ኢዮኤልን በአገጩ እያመለከተ። "ኳሷን ከእጄ መቀበል ምን አቃተህ?"

"በሰው ፊት ቀምቼ ላስወጣዎት ጋሼ? እኔ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ታዲያ አሁን ሰው ምን አለህ? ደግ አደረግክ አለህ? እኔ የምሠራበት ቤት ሽማግሌ ሲወድቅ 'እየወደቁ ነው ወይ?' ብዬ አልጠይቅም፤ እይዘዋለሁ! ሰው ድካሙን ሲጠየቅ ይዋሻል። አሰልጣኝ ያስፈለገው ለምን ይመስልሃል? አንተ ግን መወሰን ስትፈራ ውሳኔውን እኔው ላይ ጣልከው። ከዚያ ስሙን አክብሮት አልከው!"

አንዲት ፈረንጅ ከፊት ወንበር ዞር ብላ አየችው። አየለ ግድም አልሰጠው።

"እሱስ እውነት ነው" አለ ሐሰን ቀስ ብሎ።

ኢዮኤል ወደ አየለ ዞረ። ለስምንት ዓመት ለዚህ ሰው ቀና ብሎ መልሶ አያውቅም ነበር።

"ቆይ ጋሼ። ስመጣ እኮ ኳሷን ከጓንትዎ አውጥተው ነበር። አይቻለሁ። ሊሰጡኝ ነበር። ታዲያ ለምን መልሰው ጨበጧት?"

ሜትሮው ወንዙን ተሻግሮ ራይንሃቨን ጣቢያ ቆመ። የአየለ ቤት ቀጣዩ ጣቢያ፣ ማስሃቨን ነው። እሱ ግን ቦርሳውን ብድግ አድርጎ ወረደ።

"ጋሼ፣ ገና ነው እኮ!" አለው ሐሰን። በሩ ተዘጋ።

የቀረውን መንገድ በእግሩ ያዘው። ቀኝ ክንዱ የሌላ ሰው ይመስል ተንጠልጥሏል። እንዳልሰማ ሰው ቢሄድም ጥያቄው ተከተለው፤ እሱም ኢዮኤል ማለት የነበረበትን ጮክ ብሎ ይል ጀመር።

"'ጋሼ፣ ይበቃዎታል፤ ኳሷን ይስጡኝ።' ይሄን ማለት ምን ያቅታል? አራት ቃል!"

ደግሞ በቁጣ ሞከረው፦ "አየለ፣ ና ስጠኝ!"

በትሕትናም ሞከረው፣ በትእዛዝም ሞከረው። ባለው ቁጥር ግን፣ ቃሉን ገና ሳይጨርስ፣ ከገዛ አፉ "እችላለሁ" የሚል ይወጣበታል። በመጨረሻ ቆመና ቦርሳውን በእግሩ ጠለዘው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በግራ እጁ፣ አነሳው።