ቅጣት ያልነበረው ጨዋታ

በልጅነቴ በረዶ ሲመጣ ጓዳ ገብተን እግዚኦ እንል ነበር እንጂ፣ ሰው ዱላ ይዞ ይሮጥበታል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። በኛ አገር በረዶ ማለት የጤፍ ጠላት ነው፤ አንድ ከሰዓት ጥሎ የዓመት ልፋት ይዞ ይሄዳል። እና ባለፈው ሞጣ ልጄ ቤት ሰንብቼ ሳለ፣ የልጅ ልጄ ማኅሌት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ፣ አንድ ነጭ ሜዳ ላይ ሰው ስታስሮጥ አየኋት።

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?»

«ጌም ነው እምዬ። የበረዶ ሆኪ።»

«ይኼ ሁሉ በረዶ ነው?»

«አዎ፣ ሜዳው ራሱ።»

«እህላቸውንስ የት አደረጉት?»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባቷ ከባሕር ዳር ያመጣላት ጨዋታ ነው። በእጇ የያዘችውን መጫወቻ ጆይስቲክ ይሉታል፤ አንዱን ቁልፍ ስትጫን ተጫዋቹ ለጓደኛው ያቀብላል፣ ሌላውን ስትጫን ይመታል፣ ረዘም አድርጋ ከያዘችው ደግሞ ምቱ ይበረታል። ሰዎቹ እንደ ፍራሽ የተጠቀጠቀ ልብስ ለብሰዋል። ከጫማቸው ሥር ቢላዋ የመሰለ ብረት አለ፣ በሱ ይንሸራተታሉ። የሚያሳድዷት ኳስ አይደለችም፤ እንደ ማሰሮ ክዳን ጠፍጠፍ ያለች ጥቁር ነገር ናት። ዳኛው በሁለት ሰው መካከል ይጥላታል፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር ይሁናቸው። ሁሉም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘዋል። እሱን ሳይ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው።

«ይኼማ የገና ጨዋታ ነው!» አልኳት።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ማየት አልኩ እንጂ መጨነቅ ነው። አንዱ ሌላውን በትከሻው ከአጥሩ ጋር ሲያላጋው ነጠላዬን አፌ ውስጥ እከታለሁ። «አንሺው እንጂ ልጄ፣ ወደቀ እኮ!» እላለሁ። እሷ እቴ! ጭራሽ ለመጋጨት የሚጫኑትን ቁልፍ አሳየችኝ፣ «ሞክሪው እምዬ» ብላ። እጄን ሰበሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ የሷ ተጫዋች አንዱን እግሩ ላይ በዱላ መታውና ዳኛው ነፋ። ልጁን ወስደው በሜዳው ዳር ካለች እንደ ሣጥን ያለች ክፍል አስገቡት።

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ተቀጥቶ ነው። ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል። እስኪወጣ እኛ በአንድ ሰው እንጎድላለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይወጣል።»

«ከመታው ልጅ ጋር ማን ያስታርቃቸዋል?»

«ምን ያስታርቃቸዋል እምዬ፣ ጨረሰ እኮ!»

እውነትም ሰዓቱ ሲሞላ በሩ ተከፈተለትና እንደ ጥይት ወጣ። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ልቤ ቢቸና፣ ወንድሜ ስማቸው ገና ወደሚጫወትበት ዘመን ሄዷል።

ከቢቸና ወጣ ብላ ካለች መንደር ነው የተወለድኩት። አባቴን አላውቀውም፣ ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተው። እናቴን፣ እኔንና መሬቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አያ ስማቸው እለው ነበር። ኅዳር ከታጠነ በኋላ ወይራ ቆርጦ ይመጣል። ጫፉን ረመጥ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ሲለሰልስለት በዛፍ ባላ መካከል ወጥሮ ያጎብጠውና በልጥ ያስረዋል። የተለበለበ የወይራ ልጣጭ ሽታ፣ ኋላም የሚቀባው ቅቤ፣ አሁን ሳወራው እንኳ አፍንጫዬ ላይ ነው። ዱላውን እንድነካ አይፈቅድልኝም ነበር። «ሴት ልጅ የነካችው ዱላ ሩር ይስታል» ይለኛል። ሩር ማለት ከእንጨት ሥር የተጠረበች ድቡልቡል ናት፣ እሷን ነው የሚያሳድዱት። ሳያይ እነካው ነበር፤ አንድም ቀን ሲስት አላየሁትም።

እህል ከተነሣ በኋላ ሜዳው ባዶ ነው። በልደት ቀን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንዶች ይሰለፋሉ፣ ሩሯን ከባላጋራው ወሰን ያሻገረ ይረታል። ሴቱና ልጁ አውድማው ዳር ሆነን እንጮሃለን። እኛ የላይ ሰፈሮች እንዲህ እንላለን፦

የታች ሰፈር ልጆች ምን ነክቷቸዋል፣
ሩሯ ስትመጣ በር ያስዘጋቸዋል።

እነሱም የሚመልሱልን አላቸው፣ እሱን እዚህ ማውራት ነውር ነው። ያን ቀን ታላቅና ታናሽ የለም። ሎሌ ጌታውን ቢመታ እንኳ ወንጀል አይደለም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ካሳ የለ፣ ዳኛ የለ።

ያን ዓመት ለወንድሜ ሚስት ታጭታለት ነበር። ሰርጉ ከጥምቀት ማግሥት ነው፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ የጥንስሱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ልጅቱ ጥሩዬ ትባላለች፣ የታች ሰፈሩ የባላምባራስ ይመኑ ልጅ። ለባል አልባ ቤት ይኼ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ደስታዋን እንኳ በግልጽ አታወራም ነበር፣ ዓይን ይገባዋል ብላ።

ታዲያ ጨዋታው ሲሟሟቅ ባላምባራስ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ወገባቸውን ታጥቀው ገቡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ግን ገና ሲመጣ አያስችላቸውም። በኛ ወግ ሙሽራ ከሰርጉ በፊት አማቱን ፊት ለፊት አያይም፣ ድንገት መንገድ ላይ ቢያገኝ እንኳ ዘወር ይላል። ስለዚህ ወንድሜ እሳቸው በቀኝ ሲመጡ በግራ ይሸሻል። እኛ እንስቃለን። ሩሯ ግን አማት አታውቅም። አቧራው መሐል ከእግር እግር ስትል ወንድሜ ዱላውን ሰነዘረ። ማን ከፊቱ እንዳለ አላየም። ድምፁ እንደ ደረቅ ማገዶ ነበር።

አቧራው ሲገለጥ ባላምባራስ መሬት ላይ ናቸው፣ ቅልጥማቸው ታጥፏል። ሁሉም ባለበት ቆመ። እሳቸው በክርናቸው ተደግፈው፣

«ምን ይገትራችኋል? ሩሯ እኮ ወሰናችሁን ልታልፍ ነው!» አሉ።

አንዱ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። ያን ሳቅ እንደ ሳቅ አልቆጥረውም። በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷቸው፣ ወንድሜም ዱላውን ይዞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጭንቁ። ቤታችን ሳቅም ለቅሶም ጠፋ። ወንድሜ ዱላውን ከጣሪያው ማገር ላይ ሰክቶ ሥራ እንደፈታ በሬ ተኛ። እናቴ ከታች ሰፈር የሚመጣ ሰው ባየች ቁጥር ትነሣለች። ወጌሻው በበራችን ሲያልፍ ያዘችው።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ።»

«ሲታሹስ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ሰው ሲታሽ ይጮሃል እኮ!»

«እሳቸው አልጮሁም፣ ምን ላድርግልሽ!»

እናቴ ወደኔ ዞራ «ያልጮኸ ሰው ሆዱ ውስጥ ይዞታል» አለች። እኔ ልጅ ነኝ፣ ምን እላለሁ? ግን ማታ ማታ እንቅልፌ ውስጥ ያ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ጥሩዬን ቢከለክሉንስ? ሙሽራ የተመለሰበት ቤት ደግሞ ለማጨት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል። ይኼን ሁሉ ከእናቴ አፍ ነው የሰማሁት፣ ብቻዋን ስታወራ።

በሌላ ጥፋት ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፣ ይቅር ይባባላል፣ ያልቃል። እዚህ ላይ ግን ምን ይባላል? እናቴ የሰፈራችንን መሪጌታ ለመነቻቸው። ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ቃል የሚመዝኑ ሰው ነበሩ።

«እሜቴ፣ ሽማግሌ የሚሄደው በደል ሲኖር ነው» አሏት። «በገና ሜዳ በደል የለም። ይቅር ይበሉ ብዬ ብገባ፣ ተቆጥተዋል ማለቴ አይደለም?»

«ካልተቆጡም ደግ፣ መሄድዎ ምን ይጎዳል?»

«እሱን ነው የምፈራው።»

አለቀሰች። የእናቴን እንባ የሚችል ቄስም መሪጌታም አልነበረም። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ አንድ ማሰሮ ማር አሸክማቸው ሄዱ። ወንድሜ አልሰማም፣ ከብት ሊያጠጣ ወርዶ ነበር።

ሲመለሱ ቀድሜ ያየሁት ማሰሮውን ነው። አፉ እንደታሰረ ነበር።

«ምን አሉ መሪጌታ? አልቆጣሁም አሉ?»

መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «‹የመታኝ ልጅ አላስቀየመኝም› አሉ። ‹አስታራቂ የላከችብኝ እናቱ ግን አዋረደችኝ። በጨዋታ የምቆጣ ሰው አድርጋ ላገር አሳየችኝ። እኔ ልጄን የምሰጠው ገና ለሚያውቅ ቤት መስሎኝ ነበር› አሉ።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እስካሁን ያልተቆጣውን ሰው እሷ አስቆጣችው። ጥንስሱ ጥግ ላይ ይፈላል፣ የሚጠጣው ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ወንድሜ ማታ ሲሰማ እናቱን አልተናገራትም። ራቱን ሳይነካ ተነሥቶ ወጣ፣ በቃ። እሷም ቢቆጣት ትመርጥ ነበር፣ ነግራኛለች ኋላ።

በኛ አገር ጨዋታው እስከ ጥምቀት ይቀጥላል። በእሑዱ ወንዶቹ ሜዳ ወጡ፣ እኔም ለማየት ሄድኩ። ሳላስበው ከታች ሰፈር በኩል ሰው በአልጋ ተሸክመው መጡ። ባላምባራስ ናቸው፣ እግራቸው በሸምበቆ ታስሯል። ሜዳው ዳር አስቀመጧቸው። ዙሪያውን አዩና፣

«ላይ ሰፈር አንድ ሰው ይጎድላል። የት ሄደ?» አሉ።

እኔ ወደ ቤት እየሮጥኩ ነበር።

«አያ! አያ! ባላምባራስ ሜዳ መጥተው ይጠሩሃል!»

ከተኛበት ተነሣ። እናቴ «አትሂድ!» አለችው፣ ወዲያው «ሂድ፣ ሂድ!» አለች፣ እንደገና «ወይኔ፣ አትሂድ!» ዱላውን ከማገሩ መዘዘ። እኔም ከኋላው ተከተልኩ።

ገባ። ግን ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም። ሩሯ ስትደርሰው እንቁላል እንደሚነካ ይነካታል፣ ሰው ሲጠጋው ይቆማል። ታች ሰፈሮች ደስ አላቸው። ባላምባራስ ግን ከአልጋቸው ላይ፣

«ኧረ ተዉት፣ ሙሽራው ጉልበቱን ለሚዜው አበድሮታል!» አሉ። አገር ሳቀ። «ስማቸው! የኔን እግር እንዲህ አድርገህ ነው የመታኸው? በምን ተሰበረ ታዲያ?»

ያኔ ሩሯ ተንከባልላ ከአልጋው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ከታሰረው እግራቸው ክንድ አትርቅም። ወንድሜ ደረሰባትና ዱላውን አንሥቶ ቀረ። አየኋቸው፤ ባላምባራስ እግራቸውን አልሰበሰቡም። ተሸካሚዎቹ አልጋውን ሊያነሡ ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ድምፅ እንጨት ከእንጨት ነው፣ ጥርት ያለ። ስገልጥ ሩሯ የታች ሰፈርን ወሰን ተሻግራ የሚከተላት አልነበረም።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ባላምባራስ፣ የገዛ ሰፈራቸው ተረቶ። ከዚያ «ውሰዱኝ፣ በረደኝ» አሉ። በማግሥቱ ከታች ሰፈር ሰው ተላከ፣ «ማሩን ለምን መልሳችሁ ወሰዳችሁት?» የሚል መልእክት ይዞ። እናቴ እየሳቀች አለቀሰች።

ሰርጉም ሆነ፣ ጥሩዬም ቤታችን ገባች፣ ልጅም ወለደች። የባላምባራስ እግር ግን ጎብጦ ነው የገጠመው። ያን ማንም አላነሣውም፤ እሳቸውም፣ ወንድሜም፣ ጥሩዬም። ምን ተብሎ ይነሣል? በደል የለም፣ ቅጣትም ይቅርታም የለም።

ይኼን ለማኅሌት ስነግራት ጨዋታውን አቁማ ሰማችኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ሰዎች ዱላቸውን እንደሰነዘሩ ደርቀው ቀርተዋል።

«ታዲያ በመጨረሻ ተቆጥተው ነበር አልተቆጡም?» አለችኝ።

«እኔም አላውቅም ልጄ።»

«ወንድምሽ አልጠየቃቸውም?»

«እንዴት ብሎ ይጠይቃል?»

«ሁለት ደቂቃ ቢያስቀምጡት ይሻለው ነበር» አለች፣ መልሳ ቁልፉን እየተጫነች።

እኔም አስቤዋለሁ። ያቺን የቅጣት ሣጥን የፈለሰፈ ሰው ደግ ሰው ነው። መግቢያዋ ይታወቃል፣ መውጫዋ ይታወቃል፣ እናት በር ላይ ቆማ ወጌሻ አትጠብቅም። የኛን ጭንቅ ያየ ሰው ለልጅ ልጁ የሚመኘው እንዲህ ያለውን ነው። ግን ደግሞ ሳያቸው፣ ከዚያ ሣጥን የወጣው ልጅ የጣለውን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አያየውም። ምን ቀረበት? ከፍሏል እኮ።

ወንድሜን የአገሩ ሰው ሯጭ ይለው ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን፣ ባላምባራስ ከፊት በምርኩዝ እያነከሱ፣ እሱ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ነው። ዝናብ ቢመጣ አይቀድማቸውም፣ እርሻ ቢጠብቀው አይቀድማቸውም። እሳቸው ቆም ካሉ ይቆማል። አንድም ቀን «እለፍ» አላሉትም፤ እሱም እስከ ቀብራቸው ድረስ አላለፈም።