የማያስለቅስ፣ የማያስቅ መጽሐፍ

ልጄ እንጨት ስትፈልጥ ስንጥር ዓይኗን መታት። ሆስፒታል ተሰፋላት፤ ደኅነኛው ዓይኗም እንዳይንቀሳቀስ ተብሎ ሁለቱም ተሸፈኑ። ባኬ ጃማ ወደሚገኘው ቤታችን ይዣት ልወጣ ስል ሐኪሙ በር ድረስ ተከተለኝ። እንዳታለቅስ፣ እንዳትስቅ፣ እንዳታስል፣ ዝም ብላ ትተኛ አለኝ። ስፌቱ ከተላቀቀ ዓይኗ አይተርፍም።

«ምን ይዛ ነው ዝም የምትለው?» አልኩት።

«መጽሐፍ ያንብቡላት፣ እናቴ።»

ለእሱ ቀላል ነው። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ኪራሙ ሳለሁ ነው፣ ከሦስተኛ ክፍል። አማርኛውን የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ መስመሩ መጨረሻ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል። የልጄ መጽሐፎች ደግሞ በቁቤ፣ በፈረንጅ ፊደል ናቸው። ኦሮምኛ ስናገር የሚቀድመኝ የለም፣ ያ ጽሑፍ ግን ለእኔ የተደረደረ ጭራሮ ነው። ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ ወደሚሸጠው ጉራጌ ሄድኩ።

«አካም ጅርቱ አዴ፣ ምን ልስጥዎት?»

«የማያስለቅስ መጽሐፍ።»

«ሞልቷል። ይኸው፣ ይኼ በሳቅ ይገድልዎታል።»

«የሚያስቅም አልፈልግም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አዴ፣ የማያስለቅስም የማያስቅም ያለኝ የግብር ደረሰኝ ብቻ ነው። እሱም እኔን ያስለቅሰኛል።»

ነገሩን ስነግረው ቀልዱን ተወ። ቁጢጥ ብዬ ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመርኩ። የፍቅር ነው ያለኝን ገለጥኩት፤ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሙሽራዋ ታለቅሳለች። ሌላው በለቅሶ ቤት ይጀምራል። የልጆች ተረት ብዬ ያነሳሁት ላይ ጅብ አህያ ይበላል። ይኼ ለልጄ ሳቅ ነው ወይስ እንባ? ግራ ገባኝ። ሰው ይኼን ሁሉ የሚጽፈው ሌላውን ለማስለቀስ ነው እንዴ አልኩ በሆዴ።

መጨረሻ ላይ ሻጩ ከክምሩ ሥር አንድ ስስ መጽሐፍ መዞ አወጣ። ሽፋኑ ላይ ዶሮ ተስላለች። ስለ ዶሮ እርባታ ነው።

«ይኼን አንብቦ ያለቀሰም የሳቀም አላየሁም» አለኝ። «የገዛም አላየሁም።»

ቤት ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። «የዶሮ ቤት ወለል… ደረቅ… መሆን አለበት።»

«እማ፣ ሌላ አጣሽ?»

«ስሚ ዝም ብለሽ። ቆይቶ እንቁላል አለው።»

ከንፈሯ ጫፉ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁና አገጯን ያዝኩ። «አትሳቂ።»

«ዶሮዋ አይደለችም የምታስቀኝ፣ አንቺ ነሽ።»

እንደዚያ እያልን ሰነበትን። ጥሩ መጽሐፍ ይሁን መጥፎ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝም ስትል ተኝታ ይሁን በፋሻው ሥር እያለቀሰች፣ ማወቅ አልችልም። ጎንበስ እያልኩ ፋሻው ርሶ እንደሆነ አያለሁ። ከሰለቻት ስለ ዓይኗ ታስባለች፤ ካልሰለቻት ትስቃለች። የቱን ልመኝ?

ከዚያ ስለ ፈንግል የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። አምና እሷ ያሳደገቻቸው ዶሮዎች አንድ ሳይተርፉ በፈንግል አልቀውባት፣ እህል አልቀምስ ብላ ነበር። ገጹን በቀስታ ገልብጬ እንቁላል ወደሚለው ዘለልኩ።

«እማ፣ በሽታው የታለ?»

«የምን በሽታ?»

«የዶሮ መጽሐፍ ሆኖ ፈንግል ይቀራል?»

«የዚህ መጽሐፍ ዶሮዎች ጤነኞች ናቸው» አልኳት።

ጣቴን ከእንቁላሉ መስመር ሳላነሳ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ፋሻው የተነሳ ዕለት ሐኪሙ ደኅነኛውን ዓይኗን በእጁ ከደነና «ምን ይታይሻል?» አላት።

«ጭጋግ» አለች።

ጊዜ ይፈልጋል፣ ለጊዜው ዓይኗን አታድክም ብሎን ሐኪሙ ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈ። ልጄ እጇን ወደ ዘንቢሌ ዘረጋች።

«መጽሐፉን አምጪው።»

ሳላስበው ሰጠኋት። ደኅነኛውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና መጽሐፉን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ ገለበጠች። ከዚያ ቆመች፤ ልክ እንደ እኔ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች።

«ፈን…ግል» አለች። «ይኸው። ሁለት ገጽ ሙሉ አለ፤ ጤነኞች ናቸው ትይኛለሽ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትስቅ ይሁን ታለቅስ ከጎኗ ሆኜ መለየት አቃተኝ። እልል ልበል ወይስ መጽሐፉን ልቀማት አላወቅኩም። አታድክም ብሏል ሐኪሙ። ግን አንብባለች፣ በዚያኛው ዓይኗ ነው ያነበበችው።

«ቀስ ብለሽ» አልኳት።