የሮሜል ሦስት ዓይነት ሞላ

ሮሜል ዲማኩላንጋን ካርሰን ከተማ ውስጥ አንድ መነጽር ቤት ሌንስ የሚሞርድ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነው። ለፀጉር ስንጣቂ የሚጨነቅ ዓይነት ነው። ሌላው ሰው ግትርነት የሚለውን እሱ ጥንቃቄ ይለዋል፤ ተከራክሮ የረታውም የለም። ነጭ ሆንዳውን ከሃያ ዓመት በላይ ይዟታል፣ ጎማዎቹን ከማስተካከል፣ ከአላይመንት፣ በቀር ግን አንድም ቀን ለባለ ጋራዥ ሰጥቷት አያውቅም። ዘይቱንም፣ ፍሬኑንም፣ ሁሉንም ቤቱ በር ላይ በጀርባው ተኝቶ በገዛ እጁ ነው የሚሠራው።

አባቱ ከሞቱ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ እናቱን ወይዘሮ ፔርፔቱዋን ለጠዋቱ ቅዳሴ የሚያደርሳቸው እሱ ነበር። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። ቤት ከሆነ እህት አለች፣ የልጅ ልጆች አሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ እናትና ልጅ ብቻቸውን የሚያወሩት በዚያች ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ አባትየው በሕልማቸው መጥተው ምን እንዳሉ፣ ሁሉንም እዚያች ፊት ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚነግሩት። ሮሜል ለማንም አይናገርም እንጂ ሳምንቱን የሚኖረው ለዚያች ሃያ ደቂቃ ነው።

ታዲያ ባለፈው ሚያዝያ ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ ሲመኘው የነበረውን ነገር አደረገ። የፋብሪካውን ሞላ አውጥቶ መኪናዋን ሁለት ኢንች ዝቅ የሚያደርግ ቀይ ሞላ ገጠመላት። በወጣትነቱ የቤት ኪራይ ነበር፣ የእህቱ ትምህርት ነበር፤ አሁን ተራው ደርሶታል፣ ማን ይከለክለዋል? በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል የነበረው ክፍተት ጠፋ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እያያት ብቻውን ሳቀ።

በሦስተኛው እሁድ ሮሜል መኪናዋን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትቶ ማቆሚያ ቦታ በእግሩ ፈልጎ ሲመለስ፣ እናቱ ወርደው ቀሚሳቸውን ሲያስተካክሉ አገኛቸው፤ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ከዳንቴ ጋር እንደሚሄዱ ነገሩት። ዳንቴ የእህቱ ባል ነው፤ ያረጀች ቫን አለችው።

"ምነው እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አለ ሮሜል።

"መኪናህ ያንገጫግጨኛል። ወገቤ አልቻለም።"

ኩም አለ። ዳንቴ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም። በሳምንቱ ምሳ ላይ፣ ፓንሲቱን፣ የፊሊፒንስ ፓስታቸውን፣ በሹካ እየጠቀለለ፣ "አንተ ሰውዬ፣ አስፋልቱን ልትስመው ነው እንዴ?" ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀበት። ሮሜልም ሳቀ፣ አንጀቱ ግን አረረ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን ጓዳ የተቀመጠውን የፋብሪካ ሞላ መልሶ ይገጥምና ነገሩ ያበቃል። ሮሜል ወይ ፍንክች! ዝቅም ትላለች፣ ትለሰልሳለችም አለ፤ ትክክለኛውን ሞላ ማግኘት ብቻ ነው የቀረው። እናም ማወዳደር ጀመረ።

ሞላ በቁጥር ነው የሚሸጠው። አንድ ኢንች ለመጨመቅ ስንት ፓውንድ እንደሚፈልግ ይጻፍበታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይለሰልሳል ማለት ነው። ሮሜል ከቀዩ በቁጥር በጣም የሚያንስ አረንጓዴ ሞላ አገኘ። በቁጥሩ ብቻ አልረካም፣ ኢንተርኔት ላይ የገጠሙት ሰዎች የጻፉትን ሦስት ሌሊት አነበበ። እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያናድደኝ። የእነዚህን ሰዎች ጠባይ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ለሞላ ገንዘቡን ያወጣ ሰው፣ ኩላሊቱ ቢወልቅ እንኳ፣ ጠንካራ ነው ብሎ አይጽፍም። "ልክ እንደ ፋብሪካው ነው" ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። አንዱማ አያቱን ጭኖ ሳን ዲዬጎ ደርሶ እንደተመለሰና እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ጽፏል። ሮሜል ይህንን አምኖ ገዛ።

ቅዳሜ ክሪኩን ደቅኖ፣ መኪናዋን አራት ማቆሚያ ላይ ሰቅሎ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው እያሉ ሞላውን ቀየረ። እያንዳንዷን ብሎን፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚያሳይ መለኪያ መፍቻ፣ በመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ልክ አጠበቀ። ከዚያ ስልኩን የመኪናዋ ወለል ላይ በፕላስተር ለጥፎ፣ ቀዩን እንደለካው ሁሉ ንዝረት እንዲለካ አድርጎ ሞከራት። ከበሩ ተነስቶ የባቡር ሐዲዱን ይሻገራል፣ የኮንቴይነር ጭነት መኪኖቹ የቦረቦሩትን መስመር ይይዛል፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ያሉትን ሦስት ጉብታዎች ያልፋል፣ ይመለሳል። ቁጥሩን አየ። ከቀዩ ጋር አንድ ነው። ተመልሶ ሄደ፣ ያው ነው። ሐዲዱ ላይማ ጭራሽ ባሰ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይሆናል? ለስላሳ ሞላ እንዴት አድርጎ ከጠንካራው እኩል ያንገጫግጫል?

ያም ሆኖ ረቡዕ ዕለት እናቱ ቤት ሄደና ትንሽ እንዲሞክሯት ለመናቸው። በመስኮት ወደ ውጭ፣ ወደ መኪናዋ አዩ። "ዛሬ ጉልበቴን ያመኛል፣ ሌላ ቀን" አሉት። ጥርጣሬያቸው ትክክል ነበርና መኪናዋን ይዞ ተመለሰ።

ኢንተርኔቱ ላይ ጠየቀ። አንዱ ጎማህ ነው አለው፣ ሌላው ሾክ አብዞርበርህ ነው አለው። ሦስተኛው "ወንድሜ አርጅተሃል፣ ሽጣትና ቫን ግዛ" አለው። ቫን የሚለውን ቃል ሲያይ ደሙ ፈላ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ቢጫ ሞላ አዘዘ። ይሄኛው አንድ ጫፉ ላይ ቀለበቱ ጠጋ ጠጋ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ልስልስ ብሎ ቆይቶ ይጠነክራል ይባላል። እንደገና ቅዳሜ፣ እንደገና ክሪክ፣ እንደገና መለኪያ መፍቻ። እንደገና ያው ቁጥር። ጉብታው ላይ ጥርሱ ሲጋጭ መሪውን በቡጢ መታው፣ እጁ ሳምንት አበጠ። ዳንቴ ይህን ሁሉ ጊዜ እሁድ እሁድ ሃያ ደቂቃዋን እየወሰደበት ነው። ያቺ ሃያ ደቂቃ ለዳንቴ ምኑም አይደለችም፤ ሬዲዮ ነው የሚሰማባት።

ሞላ በተቀየረ ቁጥር አላይመንት ይሠራል፣ ለዚህ ማሽን የለውምና ኦፊሊያ ባራዛ ጋ መሄዱ ግድ ነው። ኦፊሊያ ስድሳ ያለፋት ሴት ናት፣ ከአባቷ በወረሰችው ጋራዥ ከአላይመንት ሌላ ነገር አትሠራም። በሦስት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ስታየው መጀመሪያ ሳቀችበት፣ ፊቱን ስታይ ተወችው። ምን እንደሆነ ጠየቀችው፣ አንድም ሳያስቀር ዘረዘረላት። ከመኪናዋ ሥር ገብታ ቆየች።

"እነዚህን የክንዶቹን ብሎኖች ስታጠብቃቸው ጎማው መሬት ይዞ ነበር ወይስ ተንጠልጥሎ?"

"ተንጠልጥሎ ነዋ። ተሰቅላ ነበር።"

"ሦስቱንም ጊዜ?"

"ሦስቱንም።"

"በል ና፣ እይ ጉድህን" አለችው።

ጎማውን የሚይዘው ክንድ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ላስቲክ አለ። ጎማው ተንጠልጥሎ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ በዚያው ይያዛል። መኪናዋ ወርዳ ስትቆም ይጠማዘዛል፣ እንደተጠማዘዘም ይቀራል፤ ጎማው ከፍ ልበል ሲል አይሆንም ብሎ ይይዘዋል። ዝቅ ባለች መኪና ላይ ደግሞ ጥምዘዛው ይብሳል። ሮሜል ሦስት ወር ሙሉ ሲለካ የኖረው ሞላ አልነበረም፣ የገዛ ስህተቱን ነበር፤ ያውም በመጽሐፉ ልክ የጠበቀ ስህተት። በሰው እጅ አላስነካም እያለ፣ ማንም ሳያየው ሦስቴ ደገመው። ምድር ብትውጠው ደስ ባለው።

ኦፊሊያ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ እያለ ብሎኖቹን እሱ ራሱ አላልቶ እንዲያጠብቅ ፈቀደችለት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሐዲዱን ተሻገረ፣ መሻገሩን ያወቀው በመስተዋት ሲያየው ነው። ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። ሮሜል ዳር ይዞ ቆመ፣ ማልቀስ ቃጣው።

እሁድ ጠዋት እናቱን አግባባቸው፣ እያቅማሙ ገቡ። በመንገዱ ሁሉ ተንፍሰው ተጫወቱ። የሦስት ወር ወሬ ነበራቸው፤ አክስቱ ከማኒላ ደውላ ያለችውን፣ አዲሱ ቄስ ስብከት እንደሚያስረዝም፣ ሁሉን ነገሩት። የተቦረቦረው መስመር ላይ እንኳ ድምፃቸው አልተቆረጠም። "ዛሬስ ጥሩ ናት" አሉ፤ ሮሜል ዳንቴን በልቡ ሰደበው።

ደርሰው ቆሙ። እናቱ የወንበር ቀበቷቸውን አልፈቱም።

"ቆይ፣ ሰዉ ይግባ" አሉ።

የሚጸልዩ መስሎት ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ሰዉ ገባ፣ ደወሉ ተደወለ፣ መዝሙሩ ተጀመረ። "እማዬ፣ ረፈደብን እኮ" አላቸው።

"መንገጫገጩንስ እችለው ነበር" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። "ከዚህ ጉድጓድ መነሳት ነው ያቃተኝ። ከዳንቴ ጋር እሄዳለሁ ያልኩህ ዕለት አንድ የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጅና የማላውቀው ሰውዬ በብብቴ ይዘው ነው ያወጡኝ፤ አንተ የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ በእግርህ ስትዞር ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ለልጄ መነሳት አቃተኝ ብዬ ልንገረው?"

ሮሜል ወርዶ በሩን ከፈተ፣ ተንበረከከ፣ እጃቸውን በአንገቱ ዙሪያ አስያዛቸውና አቅፎ አነሳቸው። ያን ያህል ይቀልላሉ ብሎ አላሰበም። መዝሙሩ አልቆ ነበር፣ የገቡት በጎን በር ነው።

በሚቀጥለው እሁድ፣ ሊመልሰው የወሰነው የፋብሪካው ሞላ ገና አልተገጠመም ነበርና እሱም ዳንቴ ቫን ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በቫኗ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። ሐዲዱ ላይ ጭንቅላቱ ጣሪያውን መታው። የተቦረቦረው መስመር ላይ ከወንበሩ እየተነሳ ወደቀ፣ ጉብታዎቹ ላይ የቫኗ ሆድ ዕቃ ሁሉ ተንኳኳ፤ እንዲህ ያለ ጨካኝ መኪና በሕይወቱ ተሳፍሮ አያውቅም። የፊቱን ወንበር ጀርባ በሁለት እጁ ያዘ። እናቱ ከፊት፣ ከፍ ባለው ወንበር ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተደላድለው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ገና ቫኗ ከመቆሟ በሩን ራሳቸው ከፈቱና ሰዉ መሀል በእግራቸው ወረዱ።