አባባ መሪውን የለቀቁበት ጉዞ

ዓርብ ንጋት፣ ዋሽንግተን

ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። እንቅልፍ አልጠገብኩም፤ ሰሞኑን ጠግቤም አላውቅ። የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ አስተምራለሁ። ሰው የሚበጀውን እያወቀ ለምን ሌላውን እንደሚመርጥ ላጠናሁት ጥናት አትላንታ ልሸለም ነው። ነርስ የሆነችው እህቴ ሳራ ግን ሌላ ሥራ ሰጥታኛለች። አባታችን ዐይናቸው ደክሞም መንዳት አልተዉም። «አንተን ይሰማሉ፤ ፕሊስ፣ ኮንቪንስ አድርጋቸው» ብላኛለች። አውሮፕላን ውስጥ የሽልማት ንግግሬን ትቼ ለአባባ የምላቸውን ሳዘጋጅ መጣሁ።

ረፋድ፣ አቮንዴል እስቴትስ፣ አትላንታ ዳርቻ

ሳራ ትቀበለኛለች ስል አትላንታ አየር ማረፊያ አባባ ራሳቸው መሪ ጨብጠው ጠበቁኝ። ሀይዌዩ በከባድ መኪና ተጨናንቋል፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። ሌን ሲቀይሩ አጠገባችን ያለውን ነጭ ቫን አላዩትም። ጥሩምባውን ሲሰሙ መሪውን መለሱ። በሚቀጥለው ኤግዚት ከሀይዌዩ ወጥተን አንድ ፋርማሲ ፊት ለፊት ፓርክ አደረጉ።

ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ አደጋውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የሰውን ሕይወት። «እናትህ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣኝ ይህ መኪና ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሚሸልሙህ የሰውን ነገር ስላወቅህ አይደል? እስቲ ልጄ፣ አንተ የምትለውን ሁሉ እያወቅኩ ለምን እምቢ አልኩ?»

ደክሞኛል።

«እንጃ አባባ። እርስዎ ሲነዱ ግን እፈራለሁ።»

ቁልፉን ነቅለው ሰጡኝና ወርደው ወደ እኔ በኩል ዞረው መጡ። ኖርክሮስ እስከ ቤታቸው እኔ ነዳሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መሐል አትላንታ

አዳራሹ ይበርዳል፣ ዶሮው ደርቋል፣ ንግግሩ አያልቅም። ስሜ ሲጠራ አባባ ከሰው ሁሉ ቀድመው ቆሙ። ሳራ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ሳትተኛ መጥታ ወንበሯ ላይ አንቀላፍታለች። ቁልፉ አሁን እሷ ጋ ነው፤ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያንና ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው እሷ ናት። ይህን እያሰብኩ ጭብጨባው አልጣመኝም።

እሁድ ንጋት፣ ኖርክሮስ

ሳራ ሥራ ስለገባች ታክሲ ጠራሁ። ከዚህ ከተማ ስመለስ ሁልጊዜ የሚሸኙኝ አባባ ነበሩ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ደህና ግባ ብለው ሳሙኝ፤ እሳቸው ግን ወደ ቤት አልተመለሱም።

ሹፌሩን፣ እኔን አየር ማረፊያ አድርሰህ እሳቸውን መልሰህ ታመጣልኛለህ ወይ አልኩት። እሺ አለ። የኋላውን በር ከፈትኩላቸው።

አባባ አልፈውኝ ከፊት ገቡ፤ ቀበቷቸውን አሰሩና ለሹፌሩ መንገድ ያሳዩት ጀመር።