ስንዴ ነው ወይስ ዘር?

ስንዴው በቀለ! ከእንግዲህ እቴቴን አደራ በላች የሚላት የለም፤ እኔና ታናሽ እህቴም የትም አንሄድም! ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይህን ተናግረው እንደጨረሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ ቤታችን በሩጫ ደረስኩ። ፊደል ካወቅሁ ወዲህ ሁሉን ነገር ጻፊ ጻፊ ይለኛል፤ ይሄንንማ እንዴት ልተወው?

እቴቴ የምላት አክስቴን፣ የአባቴን ታላቅ እህት ነው። እናታችን ቀደም ብላ ስለሞተች፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ አባታችን ጫካ ሲወጣ እኛን ለእሷ ሰጠን። በእሷ ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ውስጡን በእሳት አደረቀ፣ ለዘር የመረጠውን ስንዴ ቀበረና "እታለም፣ ዘሬን አደራ። እንዳትነኪው" አላት። ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል። አባቴ በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ ጣሊያን ለቆ ሄዶ የዘር ጊዜ ሲደርስ አጎቴ ከሚኖርበት ከይጁቤ መጣ። ጉድጓዱን ከፈተና ከስንዴው ዘግኖ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

"እታለም፣ ይሄ የወንድሜ ስንዴ አይደለም።"

"በምን አወቅህ?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ተቀብሮ እንዲህ ደስ የሚል ሽታ የለውም! ያንን በላሽና ይሄን ከየትም ለቅመሽ ሞላሽበት።"

አይ የኛ ነገር! ስንዴው ሻግቶ ቢገኝ ኖሮ ማንም አይከስሳትም ነበር።

"ልጆቹንም ዘሩንም ወደ ቤቴ እወስዳለሁ" አለ። የአጎቴ ቤት ክፉ ቤት አይደለም፤ ግን እቴቴ የለችበትም። እህቴ የእቴቴን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ አለቅም አለች። ነገሩ ለሽማግሌ ቀረበ።

እቴቴ አልካደችም። "ነክቼዋለሁ" አለች ፊት ለፊት። ለካ በየዓመቱ ከጉድጓዱ እያወጣች የአባታችንን ማሳ ለጎረቤት የእኩል ታሳርስ፣ አዲሱ ምርት ሲገባም ከምንም በፊት ጉድጓዱን መልሳ ትሞላ ኖሯል።

"ትርፉስ?" አሏት ዋናው ሽማግሌ።

"እነዚህ ሁለቱ በሉት። ከስተው እንደሆነ ይዩአቸው!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጉንጬን የት ልደብቀው!

"አንቺስ?"

"እኔ ከራሴ ጎታ ነው የምበላ። የነሱን ከኔ ቀላቅዬ አላውቅም፤ ጎረቤቴን ይጠይቁት።"

"ወንድምሽ አትንኪው ብሎሽ የለም?"

"ብሎኛል፣ አባቴ። ግን የሰጠኝ ምንድን ነው? ስንዴ ነው ወይስ ዘር? ባልነካው ኖሮ ዘርነቱ ይቀር ነበር።"

"ድሮስ በአፍ ማን ይችላታል!" አለ አጎቴ።

"በአፌ አትመን" አለችና አንዲት ማሰሮ አመጣች። ከአባታችን ስንዴ ጥቂቱን ሳትነካ ለምስክር አስቀምጣ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ አሮጌውን ባንድ እርጥብ ጨርቅ፣ አዲሱን በሌላ ጠቅልለው "እስከ እሁድ ይቆይ" አሉ። ያን ሰሞን እህቴ "በቅሎ ይሆን?" ከማለት በቀር ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ዛሬ ጨርቆቹ ተፈቱ። አሮጌው ሻግቶ ተጣብቋል፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አላቆጠቆጠችም። አዲሱ ነጭ ሥሩን አውጥቶ ጨርቁን በስቶታል!

ዋናው ሽማግሌ ወደ አጎቴ ዞሩ። "ወንድምህ ያለው ዘሬን ነው። እነዚህ ልጆችም ዘሩ ናቸው። ምን ጎደለ ትላለህ?"

አጎቴ ጨርቁን አገላበጠና "ምን እላለሁ፣ ይኸው ከነሥሩ!" ብሎ ሳቀ። ጎንበስ ብሎም የእቴቴን ጉልበት ሳመ።

እሷም ግን ሳትወቀስ አልቀረች። "ለዚህ ወንድምሽ እንኳ ለምን ደበቅሽ?" አሏት።

"ባንዳ በየደጁ ጆሮውን ጥሎ እያለ እህል አለኝ ብዬ ላውራ?"

"ያኔስ ይሁን። አደራ ያለበት ሰው ግን እስኪጠየቅ አይጠብቅም፣ ራሱ ጠርቶ ያሳያል። ከእንግዲህ ጉድጓዱ ሰው ባለበት ይከፈት፣ ሰው ባለበት ይሞላ።"

እቴቴ ከኋላዬ ቤት እንደደረሰች "እንግዲያው ጻፊው፣ የፈለገ ሁሉ ይምጣ" አለችኝ። ስለዚህ ጥሪውን ይኸው አድርሻለሁ። በጥር፣ እህሉ ተወቅቶ ጉድጓዱ ሲሞላ፣ ኑና ቆማችሁ እዩ፤ ጠላም አይጠፋም። እናንተም የሌላ ሰው ልጅ አደራ በእጃችሁ ያለ እንደሆነ ጥሩን፤ እኔና እህቴ ቆመን ለማየት እንመጣለን።