ያነበብኩት ሌላ፣ የጻፍኩት ሌላ

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት ስዘረዝር ቆይቼ ይህን ሳልናገር እነሣለሁ። ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። እጄ ግን ይጽፋል፤ ጥፋቱንም የሠራው ይኸው እጄ ነው። ለምን በእጄ አሳብባለሁ? የሠራሁት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ቀበሌያችን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ አደረገኝ። ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ ነው። ከዚያ በፊት በመሠረተ ትምህርት ሴቶችን ፊደል አስቆጥር ነበር። ካስተማርኳቸው አንዷ ዘይነባ ናት፤ ጎረቤቴ፣ እኩያዬ፣ ጓደኛዬ። ፊደል በቆጠረች በዓመቱ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነች። እሷ ስትናገር ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እኔ ጥግ ተቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የእሷን ቃል እጽፋለሁ። እናቴ ደግሞ "ምነው አንቺም እንደ ዘይነባ ሁለት ቃል ቢወጣሽ" ትለኝ ነበር። ይህን በሰማሁ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል። ፊደሉን የሰጠኋት እኔ አይደለሁም? ታዲያ ጭብጨባው ለምን የእሷ ብቻ ሆነ?

ሐይቁ ዳር የሕዝብ መናፈሻ ነበረን። ከመናፈሻው ወደ ውኃው የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ፈራርሶ ነበር። ሴቶች ልብስ ተሸክመው፣ ሽማግሌዎች ከሶላት በፊት ውዱእ ለማድረግ የሚወርዱት በዚያ ነው። በዚያ ዓመት ለመናፈሻው ሥራ ከላይ ገንዘብ ይመጣል፣ ግን የሚበቃው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው ተባለ። የሚያስፈልገንን በቅደም ተከተል ጽፈን እንድንልክ ታዘዝን። አንዳንዱ አጥሩ ይታደስ አለ፤ ሌላው ለበዓል ንግግር መድረክ ይሠራ አለ።

ከስብሰባው በፊት ከዘይነባ ጋር ልብስ አጥበን ስንመለስ "መጀመሪያ ደረጃው ነው መጠገን ያለበት" አልኳት። "መድረክ ባይኖር ሰው መሬት ላይ ቆሞ ይናገራል። እዚህ ግን አንድ ቀን ሰው ይሞታል።" አሳቡ የኔ ነበር። እሷ ስብሰባው ላይ ተነሥታ ይህንኑ ተናገረች፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ይኼኔ ወደ እኔ ዞረች።

"ወላሂ፣ ይቺ የኔ አሳብ አይደለችም! የእሷ ናት። ተነሺና ንገሪያቸው እንጂ፣ አንቺ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ነጠላዬን ወደ አፌ ስቤ "ኧረ እኔ አይደለሁም" አልኩ። ሳቁብኝ። እሷ የሰጠችኝን እኔው ራሴ ጣልኩት፤ ጥዬው ሳበቃ ሰረቀችኝ ብዬ ቂም ያዝኩባት። እንዲህ ያለ ቅናት ምን ይባላል?

እጅ ወጣ። ደረጃው አንደኛ፣ አጥሩ ሁለተኛ፣ መድረኩ መጨረሻ ተብሎ ተወሰነ። በማግስቱ በንጹሕ ወረቀት ስገለብጠው መድረኩን አንደኛ፣ ደረጃውን መጨረሻ አድርጌ ጻፍኩ። ኮሚቴው ሊፈርም ሲቀመጥ ግን ልክ እንደተወሰነው አነበብኩላቸው። ያነበብኩት ሌላ፣ የጻፍኩት ሌላ። የኮሚቴው ሽማግሌ ሸህ ይመር ማንበብ አይችሉም፤ "ያንቺ ዓይን የኛ ዓይን ነው፣ ልጄ" ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሌሎቹም አተሙ። ከኮሚቴው ማንበብ የምትችለው ዘይነባ ብቻ ነበረች። ወረቀቱ እጇ ሲገባ አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ሳቀች።

"አስተማሪዬ የጻፈችውን እኔ ልመርምር እንዴ? አብሽሪ!"

ባስተማርኳት ፊደል ስሟን ጻፈች። ወረቀቱን ደሴ ያደረሰችውም እሷው ናት።

ክረምቱ ሲወጣ ሲሚንቶና እንጨት መጥቶ መናፈሻው መካከል ተራገፈ። መድረክ ተሠራ። "ራሳችሁ በላካችሁት ቅደም ተከተል ነው" ተባለ። በዚያ ዘመን "እስቲ ወረቀቱን አሳዩን" ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ አልነበረም። ወረቀቱን ይዛ የሄደችው ዘይነባ ስለሆነች ሰው ሁሉ ፊቱን በእሷ ላይ አዞረ። ሹመት ፈልጋ ሸጠችን አሉ። ውኃው ዳር ሴቶቹ "ጓድ ዘይነባ፣ ልብሳችንን መድረክሽ ላይ እንጠበው እንዴ?" እያሉ ይሳለቁባት ነበር። እኔም እዚያው ልብሴን እያሸሁ ነበርኩ። አልደብቃችሁም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሸህ ይመር ለውዱእ ሲወርዱ ከዚያው ደረጃ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። መጀመሪያ ሮጣ የደረሰችው ዘይነባ ናት። ልታነሣቸው ስትል እጇን ገፉት። "አንቺ አትንኪኝ" አሏት። ያን ቀን ደስታዬ ጠፋ። ተናገርኩ ግን? አልተናገርኩም።

ከሊቀመንበርነቷ አወረዷት። ሰላም የሚላትም ሲጠፋ ውጫሌ አክስቷ ዘንድ ልትኖር ተነሣች። ከመሄዷ በፊት ቤታችን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እህቴ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ደረጃው አንደኛ እንደነበር ታውቂያለሽ። ምን ሆነ?"

"ከላይ ለውጠውት ይሆናል" አልኳት።

አቀፈችኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ እንኳ አመንሽኝ" ብላ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ከመጀመሪያው በደሌ ይህኛው ይብሳል። የመጀመሪያውን ቅናት አሠራኝ፤ ሁለተኛውን ምን አሠራኝ ልበል?

ልጅ ስለነበርኩ ነው አልልም። ዓይነ አፋር ስለሆንኩ ነው አልልም፤ እውነት ለመናገር እንጂ ለመዋሸት መቼ አፈርኩ? ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የዘይነባ ነው፣ ልትነሳኝም ትችላለች። እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሟን መልሱላት። የሐይቅ ሰዎች፣ ወረቀቱን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ዘይነባ አልሸጠቻችሁም።