ሙዘይን የጣለውን ሊያነሳ የጎነበሰ ዕለት

ሙዘይን በየካ መንገድ ሲያልፍ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ «ሻምፒዮን!» እያሉ ይጠሩታል። ዱባይ ውስጥ በሽቦ የታጠረው የፍልሚያ መድረክ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ወጥቶ ዘጠኙን አሸንፏል። «እንዴት እዚህ ደረስክ?» ሲሉት ታዲያ ስለ ክንዱ አያወራም። «እናቴ ባትኖር አሁንም ሲሚንቶ እሸከም ነበር፤ ወላሂ!» ይላል። ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገና ሲገነባ ሙዘይን እዚያ የቀን ሠራተኛ ነበር። ማለዳ በባሕር ዛፉ መሃል የእንጦጦን ዳገት ሮጦ ይወጣል፣ ወርዶ ሥራ ይገባል፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ቀበሌው አዳራሽ የጉተማ ተማሪ ነው። ጉተማ ድሮ ወታደር ቤት ቦክስ ይጫወት የነበረ፣ ጉልበቱ ሲከዳው አሰልጣኝ የሆነ ሰው ነው። ቡጢውን፣ እርግጫውን፣ ትግሉን ቀላቅሎ በነፃ ያስተምራል፤ ምንጣፉ አሮጌ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነው። ሰፈሩ ሁሉንም በጅምላ «ካራቴ» ይለዋል። ጉተማም ማስረዳቱ ሰልችቶት ትቶታል።

እናቱ እትዬ መብሩካ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላቸው። ቡጢ የሚባል ነገር ስሙንም አይወዱም። «ሰው ለመምታት ለሚሄድ ልጅ ዱዓ አላደርግም» ብለው ቁርጡን ነግረውታል። በ2006 ዓ.ም. ጉተማ በስልኩ የቀረጸውን ቪዲዮ ዱባይ ላለ አዘጋጅ ልኮ የሦስት ግጥሚያ ውል ሲመጣለት ሙዘይን ሥራውን ለቀቀ። እናቱ እስከ በር ሸኙት እንጂ አልመረቁትም። ያ ነገር አንጀቱን በላው።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ ጉድ ፈላ። ሁለተኛው ዙር ላይ የሙዘይን ቀኝ እጅ የግብጻዊ ተጋጣሚውን አገጭ ሲያገኘው ሰውዬው ዘጭ አለ። በዚህ ስፖርት የወደቀ ሰው አይታዘንለትም፤ ዳኛው «በቃ» እስኪል ላዩ ላይ ወጥተህ ትጨርሰዋለህ። ሙዘይን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «እኔን!» ብሎ ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋለት! እናንተዬ፣ ልክ መንገድ ላይ አዳልጦት የወደቀ ጎረቤት እንደሚያነሳ! ግብጻዊው የተዘረጋችለትን እጅ ይዞ ጎተተው፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ሙዘይን ትንፋሽ ሲያጥረው ምንጣፉን መታ መታ አድርጎ እጅ ሰጠ። አዘጋጁም «ሁለተኛውን ከተሸነፍክ ውላችን አበቃ» ብሎ ወደ አገሩ ሸኘው።

ጉተማ በንዴት ጦፈ። «አንተ ልጅ፣ ተፋላሚ ነህ ወይስ አምቡላንስ?» አለው። ሁለት ወር ሙሉ የክለቡን ልጆች በተራ እያስወደቀ ላያቸው ላይ እንዲወጣ አለማመደው። ወይ ፍንክች! ሰው በወደቀ ቁጥር «እኔን» ከአፉ ያመልጣል፣ እጁም ይከተላል። ከእናቱ ጓዳ ይዞት የወጣው ነገር ነው፤ ምን ያድርግ? ጉተማ ጭራሽ «መንገድ ላይም ቢሆን ሰው ሲወድቅ ዝም በል» ብሎ አዘዘው።

ሙዘይንም ታዘዘ። በክረምቱ ጭቃ ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ ከነዘንቢላቸው ፊት ለፊቱ ተንሸራተው ሲወድቁ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ሴትዮዋ ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ሱቅ ገብተው «መብሩካ፣ ልጅሽን ዱባይ ምን አድርገው ነው የላኩልሽ?» አሉ።

እትዬ መብሩካ ልጃቸውን አስቀምጠው ሁሉንም አወጣጡት። የተሸነፈበትን ምክንያት ገና ያን ቀን መስማታቸው ነው። እንባቸው መጣ።

«በሰው አገር፣ ሊደበድብህ የመጣውን ሰው አነሳኸው?»

«ሳላስበው ነው እማዬ።»

«እኔንም ደስ ያለኝ ሳታስበው ማድረግህ ነው!»

በማግስቱ ሱቃቸውን ዘግተው አዳራሹ ከች አሉ። ልጆቹ ሲታገሉ ጥግ ይዘው አዩ። ከዚያ ጉተማን ጠሩት።

«ይሄ መሃል እየገባ የሚያላቅቃቸው ማነው?»

«ዳኛ ነው እትዬ። አንዱ መከላከል ሲያቅተው ቶሎ ያስቆማል።»

«ታዲያ የወደቀውን የሚጠብቅ ሰው አለ በለኛ!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስማኝ ሙዘይን፤ ዳኛው የሱን ሥራ ይሥራ፣ አንተም ያንተን። በቃ ሲል ግን ከማንም በፊት አንተ አንሳው። ቃል ግባልኝ።»

«ቃሌ ነው እማዬ።»

«በል እንግዲህ፣ ዱዓዬ ካንተ ጋር ነው። አላህ ይጠብቅህ።»

ጉተማ ሁለት ወር ለፍቶ ያቃተውን ሴትዮዋ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ሙዘይን ልቡ ቀለለው። ሰው ሲወድቅ «እኔን» የምትለዋን ቃል ዋጥ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል፤ ዳኛው ሲያስቆመው እሷኑ ተንፍሶ እጁን ይዘረጋል። እስከ ዛሬ ሰግዶ ሲነሳ እናቱንና ጉተማን የሰጠውን ጌታ ሳያመሰግን አይውልም።

ዱባይ ሲመለስ ሁለተኛው ግጥሚያ ከአንድ የካዛኪስታን ልጅ ጋር ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ልጁ ወደቀ። ሙዘይን ላዩ ላይ ወጣ፣ ዳኛው ገፍቶ አስቆመው፣ ግጥሚያው አለቀ፣ ውሉም ተረፈ። ሙዘይን ልጁን ደግፎ አስነሳውና አብረው መልበሻ ክፍል ገቡ። ከዚያ በኢሞ ቪዲዮ ወደ እናቱ ሱቅ ደወለ።

«እማዬ፣ አሸነፍኩ!»

ሱቁን የሞላው ጎረቤት እልልታውን አቀለጠው። እትዬ መብሩካ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሲያበቁ ሁሉንም ዝም አሰኙ።

«ያ ልጅስ?»

«ደህና ነው፣ ሐኪም አይቶታል። ይኸው አጠገቤ ነው።»

«እናት አለችው?»

ሙዘይን በተሰባበረ እንግሊዝኛው ጠየቀው። «አለችው። መሸነፉን እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆት ነው መሰል፣ እስካሁን አልደወለላትም።»

«ስጠኝ እስቲ።»

«አማርኛ አይችልም እኮ እማዬ!»

«ስጠው አልኩህ!»

ሰጠው። ካዛኩ ልጅ ባበጠ ዓይኑ ስልኩን አየ። እትዬ መብሩካ «እደግ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፣ እናትህ ቤት በሰላም ያግባህ» እያሉ መረቁት። አንዲት ቃል እንኳ ሳትገባው ራሱን እየነቀነቀ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ከዚያ ስልኩን ለሙዘይን መለሰና የራሱን ከቦርሳው አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለ።